ቡና የጠጣ ኪቦርድ፦ ደሴ ላይ የታከመ የአንድ ሜካኒካል ኪቦርድ ጉዳይ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለች። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ ሲቪ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ እዚያ ይተየባል። ባለቤቷን ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። ጣታቸውን ሳያዩ ይተይባሉ። የሚተይቡበትን ኪቦርድ እህታቸው ከጅዳ ስትመለስ ነው ያመጣችላቸው። 87 ቁልፍ ያለው ሜካኒካል ኪቦርድ ነው፤ ስዊቾቹ ሰማያዊ ናቸው፣ በተመቱ ቁጥር ቀጭ ይላሉ። ብራንዱ እምብዛም አይታወቅም። ሥራው ላይ ግን አይታማም።

በሰኔ መጨረሻ አንድ ከሰዓት ሱቁ ውስጥ ቡና ተፈላ። አቦሉ ተቀድቶ አንዱ ሲኒ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የደንበኛ ክርን ነካውና ግማሽ ሲኒ ቡና፣ ከነስኳሩ፣ የኪቦርዱ ግራ ጎን ላይ ፈሰሰ። እትዬ በሶፍት ጠረጉት። ደንበኛው ቸኩሎ ስለነበር ኪቦርዱን ሳይነቅሉ የቀረውን ውል ተይበው ጨረሱ።

ያን ቀን ምንም አልሆነም። በማግስቱም ደህና ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ግን «ሰላም» ብለው ሲጽፉ «ሰላአም» ይወጣ ጀመር። አንዳንዱ ቁልፍ ወርዶ ለመመለስ ይለግማል። አንዳንዱ ድምፁ ጠፋ። ይሄ መዘግየት ብዙ ሰው ያታልላል። የስኳር ውሃ እርጥብ እያለ ቁልፉን አይዘውም፤ ሲደርቅ ነው የሚይዘው።

እኔ ከመምጣቴ በፊት ምክሩ ጎርፎ ነበር። ጎረቤት ያለችው የፀጉር ቤት ባለቤት «አብሽሪ፣ ካስክ ሥር አስቀምጪው፣ በግማሽ ሰዓት ይደርቅልሻል» ብላቸዋለች። ከፊት ለፊት ያሉት ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ይደረግበት ብለዋል። አንድ ጠጋኝ ደግሞ፣ ስሙን አላነሳም፣ ከምክር አልፎ ጨርቅ በቲነር ነክሮ የላይኛውን ረድፍ ጀምሮት ነበር። ሦስት የኤፍ ቁልፎች ላይ ደርሶ ሲቆም ፊታቸው ደብዝዞ፣ ጽሑፋቸው ተለቅልቆ ነበር።

ቆሻሻ ካበላሸው ኪቦርድ ይልቅ ጽዳት ያበላሸው ይበዛል ባይ ነኝ። ሦስቱም ምክሮች ከቅን ልብ የመጡ ናቸው። አንዳቸውም ግን ውስጡ ያለው ቆሻሻ ምንድን ነው ብለው አልጠየቁም። አቧራ ሌላ፣ ቅባት ሌላ፣ ስኳር ሌላ ነው። መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም።

ምርመራው

የጀመርነው በማጽዳት አልነበረም። ባዶ ሰነድ ከፍተን 87ቱንም ቁልፎች ተራ በተራ መታናቸውና የታመሙትን በወረቀት ጻፍን። ዘጠኝ ሆኑ፤ ኪው፣ ደብልዩ፣ ኢ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ዲ፣ ዜድ፣ ኤክስ እና የግራው ሺፍት። ሁሉም ጎረቤታሞች ናቸው።

በሽታቸው ግን ሦስት ዓይነት ነበር። ደብልዩ፣ ኤስ፣ ኤክስ እና ሺፍት ሲጫኗቸው ይወርዳሉ፣ ሲመለሱ ይዘገያሉ። ኪው፣ ዲ እና ዜድ በትክክል ይጽፋሉ፣ ቀጭታቸው ግን የለም። ኤ እና ኢ አንዴ ሲመቱ ሁለቴ ይጽፋሉ።

ይህን ለመረዳት የሜካኒካል ኪቦርድን ውስጥ ማወቅ ያስፈልጋል። በተራው ርካሽ ኪቦርድ ውስጥ ሁሉም ቁልፎች የሚጋሩት አንድ የጎማ ንጣፍና ከሥሩ ያሉ ስስ የፕላስቲክ ሉሆች ናቸው ያሉት። በሜካኒካሉ ግን እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስዊች አለው። ስዊቹ ውስጥ አንድ ተንሸራታች ግንድ፣ አንድ ስፕሪንግና ሁለት የብረት ምላሶች አሉ። ቁልፉ ሲወርድ ምላሶቹ ይነካካሉ፤ ኮምፒውተሩም ፊደሉን ያውቃል። በመስቀል ቅርጽ ያለው ግንድ የጀርመኑ ቼሪ ኩባንያ በ1980ዎቹ በኤምኤክስ ስዊቹ ያስለመደው ነው። ዛሬ አብዛኛው የቻይና ስዊች እሱን ተከትሎ ይሠራል። በሰማያዊው ዓይነት ግንዱ ለሁለት የተከፈለ ነው። ታችኛው ክፍል ለብቻው ዘለል ብሎ ሲወርድ ነው ቀጭ የሚለው። ስኳር ሁለቱን ክፍሎች ካጣበቃቸው ግንዱ በአንድነት ይወርዳል፤ ፊደሉ ይጻፋል፣ ድምፁ ይጠፋል። የኪው፣ የዲ እና የዜድ ችግር ይሄው ነበር።

የኤ እና የኢ ጉዳይ ረቀቅ ይላል። ሁለት ብረቶች ሲጋጩ ወዲያው አይረጉም፤ ወለል ላይ እንደወደቀ ሳንቲም ጥቂት ይነጥራሉ። ደህና ስዊች ላይ ይህ ነጠራ ከ5 ሚሊ ሰከንድ አያልፍም። የኪቦርዱ ቺፕም ያን ያህል ጊዜ ታግሶ ነው አንድ ምት ብሎ የሚመዘግበው። ምላሱ ላይ ቆሻሻ ሲኖር ነጠራው ይረዝማል፤ ቺፑም ሁለተኛ ምት መስሎት ይቆጥረዋል። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደላት ድምፅ ለሚተይብ ሰው ደግሞ ከሁሉም ቁልፍ ኤ ስትታመም ነው የሚከፋው። ራብዕ ፊደል በሙሉ፣ ከላ እስከ ፓ፣ እሷን ይጠይቃል።

አንድ ነገር ደግሞ አጣራን። የኪቦርድ ሰሌዳ፣ ማለትም ስዊቾቹ የተቀመጡበት የኤሌክትሪክ ሰሌዳ፣ ቁልፎቹን የሚያነበው በረድፍና በዓምድ አገናኝቶ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ሙሉ ረድፍ ወይም ዓምድ ቢሞት ኖሮ ችግሩ ሰሌዳው ላይ ወይም ቺፑ ላይ ነው እንል ነበር። እዚህ ግን የታመሙት ቡናው የነካቸው ብቻ ናቸው፤ ያም ሆኖ ሁሉም ይጽፋሉ። ስለዚህ ጥፋቱ ያለው ስዊቾቹ ውስጥ ነው። ይህ ሥራውን ግማሽ አቀለለው።

አፈታቱ

«በመጀመሪያ ይንቀሉት እትዬ» አልኳቸው። ኪቦርዱ ከኮምፒውተሩ ተነቀለ። እርጥብ ሰሌዳ ላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ብረቱ ይበላል፤ ውሃ ብቻውን ያን ያህል አይጎዳም። ገመድ አልባ ቢሆን ኖሮ ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም፣ ባትሪውም መውጣት ወይም ሶኬቱ መላቀቅ አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄዬ የከሰል ምድጃው ከቤት እንዲወጣ ነበር። እትዬ ሳቁ። ግን ቀልድ አልነበረም። አልኮል ልንጠቀም ነው፤ የአልኮል እንፋሎት በተራ የክፍል ሙቀት እሳት ይይዛል። ረመጥ፣ እጣን ማጨሻና ሲጋራ ከአጠገቡ መራቅ አለባቸው። በሩም ተከፈተ።

ከዚያ ፎቶ አነሳን። እትዬ ፊደሉን በቃላቸው ያውቁታል፣ ግን ኢንሰርትና ሆም የትኛው የትኛው ጎን እንደነበር ማንም አያስታውስም። ጣት የሚነካው የቁልፉ ፕላስቲክ ክዳን ቆብ ይባላል። ቆብ መንቀያ ስላልነበረን ሁለት የወረቀት ክሊፖች ዘርግተን ጫፋቸውን እንደ መንጠቆ አጠፍን። በሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች ከቆቡ ሥር እያስገቡ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ ነው። መጠምዘዝ ግን የለም። ግንዱ ላይ ያለው መስቀል ስስ ነው፤ ከተሰበረ ቆቡ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ስፔስ፣ ኢንተር፣ ሺፍትና ባክስፔስ ደግሞ ከሥራቸው የሽቦ ድጋፍ አላቸው፤ እነሱን በአንድ ጎን ብቻ መሳብ ሽቦውን ያጣምመዋል።

ቆቦቹ ሲነሱ ከሥር የታየው ነገር ይገርማል። የገብስ ቆሎ ገለባ፣ ፀጉር፣ የደረቀ የቄጤማ ጭራሮ፣ ዱቄት የመሰለ የእጣን አመድ። ስፔስ ሥር ደግሞ የአግራፍ ስባሪ ተጋድሟል። ከሁሉም ያሰጋኝ እሱ ነው። ቆሎው ቢበዛ ቁልፍ ያደናቅፋል፤ ብረት ግን ሾልኮ ሰሌዳው ላይ ከወደቀ መስመር ከመስመር ያገናኛል። ኪቦርዱን ደፍተን ጀርባውን መታ መታ አደረግነው። የቀረውን በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጠረግነው። በአፍ መንፋት አልፈቀድኩም፤ ምራቅ አብሮ ይሄዳል።

አቧራውን እርጥበት ሳይነካው ማውጣት ግድ ነው። አቧራው እያለ ፈሳሽ ጠብ ቢደረግ ጭቃ ሆኖ ስዊች ውስጥ ይገባል።

ቆቦቹ

ቆቦቹ ቀላሉ ክፍል ናቸው። ሳፋ ውስጥ እጅ የሚችለው ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ላርጎ ጨምረን ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፈዘፍናቸው። በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አሸናቸው፤ በወንፊት አድርገን በንጹሕ ውሃ አለቀለቅናቸው። በረኪና አያስፈልግም፣ ሙቅ ውሃም አያስፈልግም። እዚህ ያለው ጥንቃቄ አንድ ነው። የቆቡ እግር ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ተደብቆ ይቀራል። እያንዳንዱን መታ መታ አድርጎ፣ አፉን ወደ ታች ደፍቶ ፎጣ ላይ ማሳደር ነው።

ስለ ቲነሩ ግን ልመለስ። አብዛኛው ርካሽ ቆብ የሚሠራው ኤቢኤስ ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ቲነር ውስጥ ብዙ ጊዜ አሴቶንና ቶሉይን ይገኛሉ፤ ሁለቱም ኤቢኤስን ያሟሟሉ። ጠጋኙ ያጸዳ መስሎት የቆቡን ቆዳ ነው የገፈፈው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም አሴቶን ካለው ያው ነው። ፒቢቲ የሚባለው ሌላው ፕላስቲክ የተሻለ ይቋቋማል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጨው ይበቃል። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨው እስኪጠግብ ጨምሩና አንድ ቆብ ውስጡ አየር ሳይቀር አስምጡት። ኤቢኤስ ተመልሶ ይንሳፈፋል፤ ፒቢቲ ከጨው ውሃው ስለሚከብድ ሥር ይቀመጣል። የእትዬ ቆብ ተንሳፈፈ።

የቱ ፈሳሽ?

በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ስለ ኪቦርድ ጽዳት የጠየቃችሁት ሁሉ «99 በመቶ አልኮል ፈልግ» ይላችኋል። ለቅባትና ለእጅ ወዝ ትክክል ነው። ቶሎ ይተናል፣ ምንም አይተውም። ስኳር ግን ንጹሕ አልኮል ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ውሃ ግን አንድ ሊትሩ ብቻ በክፍል ሙቀት ሁለት ኪሎ ገደማ ስኳር ያሟሟል። ቡና በስኳር ለጠጣ ስዊች መድኃኒቱ ውሃ ነው፤ አልኮሉ የሚያስፈልገው ውሃውን ተከትሎ ለማስወጣት ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ሠላሳ በመቶ ያህሉ ውሃ ስለሆነ ለዚህ ጉዳይ ከ99ኙ ይሻላል። ደሴ ላይ በቀላሉ የሚገኘውም እሱ ነው።

ለባሱት ቁልፎች የተጣራ ውሃ ፈለግን። የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለው፤ ሲደርቅ ጀበና ውስጥ እንደምናየው ነጭ ቅርፊት ይተዋል። የተጣራ ውሃ የመኪና ዕቃ መሸጫ ውስጥ የባትሪ ውሃ ተብሎ ይገኛል። እዚህ ላይ ዓይን መግለጥ ነው። የባትሪ አሲድም እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ በተመሳሳይ ጀሪካን ሊቀመጥ ይችላል። አሲዱ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ኪቦርዱንም እጅንም ያቃጥላል። ጽሑፉ ካልተነበበ አይገዛም።

ሳኒታይዘር ያነሱም ነበሩ፤ ከኮቪድ ወዲህ የሌለበት ቤት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር 80 በመቶ ኤታኖል አለው፣ ግን እጅ እንዳያደርቅ 1.45 በመቶ ግሊሰሮል ተጨምሮበታል። አልኮሉ ይተናል፣ ግሊሰሮሉ ይቀራል። የሚያጣብቅ ነገር ለማውጣት ሌላ የሚያጣብቅ ማስገባት ነው። የልብስ ሰፊው ዘይትም እንዲሁ ነው። ለስፌት መኪና ሸጋ ነው፤ ስዊች ውስጥ ግን አቧራ ይሰበስባል፣ ምላሱም ላይ ይለጠፋል። ካስኩ ደግሞ ውሃውን ያደርቃል እንጂ ስኳሩን አያወጣውም፤ ጭራሽ ያደነድነዋል።

የፈሰሰው ወተት ቢሆን ቅባትና ፕሮቲን ስላለው ሳሙና ይጠይቅ ነበር። እንደ ባላገር ቡና በጨው ቢሆን ደግሞ አያጣብቅም፣ ግን ብረት ይበላል፤ ያን ጊዜ በዚያው ቀን በተጣራ ውሃ ማጠብ የግድ ይሆናል። ከጨው ስኳር ይሻላል። እትዬ ይህን ሲሰሙ «ስኳር መውደዴ ለዚህ ጠቀመኛ!» አሉ።

ሥራው

የእትዬ ኪቦርድ ስዊቾቹ ተነቅለው የሚወጡ ዓይነት አልነበረም፤ ሰሌዳው ላይ ተበይደዋል። ስለዚህ ባሉበት ማጠብ ነበረብን። ከጎማ እግሮቹ ሥር የነበሩትን ብሎኖች ፈታን፤ የሽፋኑን ቅንጥቦች ባረጀ የኤቲኤም ካርድ ጠርዝ አላቀቅን። የሽፋኑ ወለል ላይ ቡናው ደርቆ ቡናማ ካርታ ሠርቷል። የሰሌዳው ጀርባ ግን አረንጓዴ ዝገት አልነበረበትም። እፎይ አልን። ሁለት ቦታ የታየውን ነጠብጣብ አልኮል በነካ ብሩሽ ጠረግነው።

ስዊቾቹን ያጠብናቸው ሰሌዳውን በጎኑ አቁመን፣ ጨርቅ ላይ አዘንብለን ነው። ጠፍጣፋ ቢቀመጥ ፈሳሹ ውስጥ ይተኛል። ግንዱን ተጭነን፣ በጠርዙ በሚከፈተው ክፍተት መርፌ በሌለው ስሪንጅ ሁለት ሦስት ጠብታ አስገባን። ለዘገዩትና ድምፅ ላጡት በመጀመሪያ ለብ ያለ የተጣራ ውሃ፣ ቀጥሎ 70 በመቶው አልኮል። ለኤ እና ለኢ አልኮሉ ብቻ። ከዚያ ቁልፉን ሠላሳ አርባ ጊዜ መጫን፤ መገልበጥ፤ በሶፍት መምጠጥ፤ መድገም። ትዕግሥት የሚፈትነው ይሄ ነው። የደብልዩ የመጀመሪያ እጥበት ሶፍቱን የሻይ ቀለም አስመሰለው። በየዙሩ ነጣ፤ ሶፍቱ ንጹሕ ሲወጣ ቆምን። ኪው ቀጭ ብሎ ሲመለስ እትዬ ከፎቶኮፒ ማሽኑ ጀርባ ሆነው «ዳነ!» አሉ። ሳያዩት በድምፁ ነው ያወቁት።

ማድረቁ ሌላ ራስ ምታት ሆነ። ሐምሌ ነው፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጦሳ የሚወርደው ጉም ውስጥ የታጠበ ካልሲ እንኳ በአንድ ቀን አይደርቅም። ፀሐይ ብትወጣም ቆቦቹን አናሰጣም፤ ኤቢኤስ ፀሐይ ሲበዛበት ቢጫ ይሆናል። የእትዬ የወንድም ልጅ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ካምፓስ ይማራል። «አክስቴ፣ እኔ ጋ ይውረድ» አለ። በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል መውረድ ነው፤ ግን ኮምቦልቻ 650 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል ሞቅ ትላለች። ሰሌዳው እዚያ በተከፈተ ክፍል፣ ከጫማ ካርቶን የተሰበሰቡ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ከጎኑ ሆነው፣ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ላዩ በሰዓታት ደረቅ ይመስላል፤ ስዊች ውስጥ ያለው ጠብታ ግን አየር አያገኘውም። ሰው የሚቸኩለውም፣ ሰሌዳ የሚቃጠለውም በዚህ ሰዓት ነው።

ሲሰካ ከዘጠኙ ስምንቱ ተመለሱ። ኢ ጭምር። ኤ ግን አልዳነችም፤ ሁለት ጊዜ መምታቷ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። ደጋግሞ ማጠብ ምንም አልጨመረም። ኪቦርዱ ሳይነቀል የተተየበው ውል ምላሷን ጎድቶት ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

መፍትሔው እዚያው ኪቦርዱ ላይ ነበር። 87 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ላይ ስክሮል ሎክ የሚባል ማንም የማይነካው ቁልፍ አለ። ስዊቹ ግን ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው። ልጁና የኤሌክትሪካል ተማሪ ጓደኛው ሁለቱንም ስዊቾች ከብየዳቸው አላቀው ቦታ አለዋወጧቸው። የስዊች እግር ሁለት ስለሆነ ሥራው አጭር ነው፤ ዋናው ነገር ሰሌዳው ላይ ያለውን የመዳብ ቀለበት አጋግሎ አለመገንጠል ነው። ኤ አሁን አንዴ ስትመታ አንዴ ትጽፋለች። ስክሮል ሎክ ሁለቴ ይመታል፤ የሚጠቀምበት ስለሌለ ተከሳሽም የለውም።

የተለቀለቁት ሦስት የኤፍ ቆቦች እንዳሉ ተመልሰው ገብተዋል። ዜድ ቀጭታው ከጎረቤቶቹ ትንሽ የሰለለ ነው፤ ፋብሪካው የቀባውን ቅባት እጥበቱ ሳይወስደው አልቀረም። በደንብ ይጽፋል፣ ስለዚህ ድጋሚ አልነካነውም።